«አሲድ ብርን አይነካም» ስለሚባለው ቃል
በዱከም ከታየ አንድ ክርክር ተነሥቶ የቀረበ ትችት

ስለ ብር ጠባይ በአገራችን ሁለት አስተያየቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው የትምህርት ቤት አስተያየት ነው፤ ብር ክቡር ከሚባሉት ብረቶች ወገን ስለ ሆነ አሲድ አይነካውም ይላል። ሁለተኛው የገበያ አስተያየት ነው፤ እውነተኛ ብር አሲድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላ መልክ ይዞ የወጣ እንደ ሆነ ግን ቀድሞም ብር አልነበረም ይላል። ሁለቱ ከተለያየ ስፍራ ቢነሡም የሚገናኙበት አንድ ሐሳብ አላቸው፤ ይኸውም አሲድ ስለ ብር እውነተኛነት የሚፈርድ ዳኛ ነው የሚለው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

ትችታችን የቃላት ክርክር እንዳይመስል የምናስረዳውን ነገር አስቀድመን እንናገራለን። አሲድ ለብቻው በብር ላይ ያለው ሥልጣን እጅግ ትንሽ ነው። ብሩን የሚበላው ወይም መልኩን የሚለውጠው ከአሲዱ ጋር አብሮ የገባው ባልንጀራ ነው፤ ይኸውም አየር፣ ጨው፣ ናይትሬት፣ መዳብ ወይም የብረት ጉጠት ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤቱም ሆነ የገበያው አነጋገር ስለ እነዚህ ባልንጀሮች አንድም ቃል አይናገርም። በዚህም ዝምታ ምክንያት ተማሪው የተሳሳተ ነገር ይይዛል፤ ባለቤቲቱ ጌጧን ታበላሻለች፤ አንጥረኛውም ያልሠራው ወንጀል ይለጠፍበታል። የመጨረሻውን በዐይናችን ስላየነው ከእርሱ እንጀምራለን።

ሀ. የክርክሩ መነሻ

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቢሾፍቱ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ ይበልጥ የሚነሣው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በተባለው የፋብሪካዎች መንደር ምክንያት ነው። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሰው ጌጥ የሚያቀልጥና የሚቀጠቅጥ አንጥረኛ ማግኘቱ አይቀርም። እኛም ከእንደዚህ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆመን ሥራውን እንመለከት ነበር።

አንዲት እናት ከአንገታቸው ማተብ ጋር ለብዙ ዘመን ሲያንጠለጥሏቸው የኖሩትን ሁለት ጠገራ ብር ለልጃቸው ሠርግ መስቀል እንዲሆኑ አምጥተዋል። አንጥረኛው ብሮቹን በፊታቸው አቀለጠ፤ ቀጥቅጦም መስቀሉን አወጣ። ከእሳት የወጣው መስቀል እንደ ወትሮው ጠቁሮ ስለ ነበረ፣ ጥቁረቱን ለማስለቀቅ በውኃ ከቀጠነ የባትሪ አሲድ ውስጥ አገባው። አሲዱ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ስለ ነበረ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ነበረው። መስቀሉንም የያዘው በብረት ጉጠት ነው፤ ደንበኛ መጥቶ ሲያነጋግረው ጉጠቱን ከነመስቀሉ እዚያው ዕቃ ውስጥ ተወው። ሲያወጣው መስቀሉ ቀልቶ ተገኘ።

እናቲቱም፣ «ልጄ፣ ምን በደልኩህ? ብሬን ወስደህ መዳብ ሰጠኸኝ» አሉ። እርሱም፣ «እናቴ፣ በፊትዎ ነው የቀለጠው፤ ቆይ፣ ይነጻል» አለ። መስቀሉን እንደ ገና በእሳት አግሎ በአዲስ አሲድ ውስጥ ብረት ሳያስነካ ቢያገባው በእውነት ነጭ ሆኖ ወጣ። ነገር ግን የተሰበሰበው ሰው ይህን ጊዜ፣ «አሁን ደግሞ ቀባው» አለ እንጂ አላመነም።

ከእኛ መካከል አንዱ ሊረዳው አስቦ በትምህርት ቤት የያዝነውን ቃል ተናገረ፤ «ብርን እኮ አሲድ አይነካውም» አለ። ከቆሙት ሰዎች አንዱም ወዲያው፣ «እንግዲያማ ተፈረደበት! አሲድ ብርን የማይነካ ከሆነ፣ ይህ አሲድ ነክቶት የቀላው ምንድን ነው?» ብሎ መለሰ። እኛም መልስ አጣን። አንጥረኛውን ለማዳን ያመጣነው ዕውቀት መክሰሻው ሆነ። ይህን ትችት እንድንጽፍ ያስገደደን ያ ዝምታችን ነው።

ለ. በክርክሩ ላይ የነበረው ብር

አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ መስቀሉ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ በማንኛውም ዓመትና ከተማ ቢመታ፣ ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ይዞ ወጥቷል። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጠገራ ብር ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብርና 4.7 ግራም የሚጠጋ መዳብ ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በስማቸው ያስመቱት ብርም በክብደትና በጥራት ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ሲሆን ጥራቱ ከሺህ 835 ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገንዘብነት ቢሰናበትም በሴቶች አንገትና በአንጥረኞች ማቅለጫ ውስጥ ኖረ።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም የበኩሉን ስሕተት ይጨምራል። በአማርኛ ብረቱንም ገንዘቡንም «ብር» ብለን በአንድ ስም እንጠራለን። በዱከም አካባቢ በሚነገረው ኦሮምኛ ግን ማዕድኑ ሜቲ፣ ገንዘቡ ቀርሺ ተብሎ ይለያል። «ብሬን አምጣ» ያለ አማርኛ ተናጋሪ ያስረከበው ንጹሕ ብር ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ያስረከበው የብርና የመዳብ ቅይጥ ነው። ስለዚህ በመስቀሉ ላይ መዳብ መታየቱ ለስርቆት ማስረጃ አይሆንም። መዳቡ በንግሥቲቱ ማተሚያ ቤት የገባ፣ እናቲቱም በአንገታቸው ይዘውት የኖሩት ነው።

ሐ. የትምህርት ቤቱ ቃል ምን ያህል እውነት አለው?

አንድ ብረት በአሲድ ውስጥ ተበላ ማለት አቶሞቹ ኤሌክትሮን አስረክበው ወደ ውኃው ገቡ ማለት ነው። ኤሌክትሮን የሚሰጥ ካለ ደግሞ የሚቀበል ሊኖር ይገባል፤ ተቀባይ የሌለው ሰጪ የለም። መበላት የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ በእያንዳንዱ የተበላ ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ባትሪ ትሠራለች። ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሚሆን ለማወቅ ሊቃውንት ሃይድሮጂንን ዜሮ አድርገው ሌሎቹን በቮልት መዝነዋል። በዚህ ሚዛን ዚንክ ከዜሮ በታች 0.76፣ ብረት ከዜሮ በታች 0.44፣ መዳብ ከዜሮ በላይ 0.34፣ ብር ደግሞ ከዜሮ በላይ 0.80 ቮልት ላይ ይቆማሉ። ዝቅ ያለው ይሰጣል፤ ከፍ ያለው ይቀበላል።

እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ቃል የሚነሣው ከዚህ ነው። በአሲድ ውስጥ ያለው ተቀባይ የሃይድሮጂን አዮን ብቻ እንደ ሆነ፣ እርሱ በዜሮ ላይ ስላለ ከብር ኤሌክትሮን መቀበል አይችልም። ዚንክ በአሲድ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው አረፋ በብር ላይ የማይታየውም ስለዚህ ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዪቱን ባትሪ በጨው ውኃ ከተነከረ ወረቀት ጋር ብርንና ዚንክን እየደራረበ ሲሠራ የሚበላው ዚንኩ እንጂ ብሩ አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ቃሉ እውነት ነው።

ችግሩ፣ በአንጥረኛም ሆነ በቤት እመቤት ዕቃ ውስጥ ያለ አሲድ መቼም ብቻውን አለመሆኑ ነው። ባልንጀሮቹን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው አየር ነው። በአሲድ ውስጥ የሟሟ ኦክሲጂን በዚያ ሚዛን ላይ 1.23 ቮልት ድረስ ይወጣል፤ ይህም ከብር 0.80 ይበልጣል። ስለዚህ አየር በሚነካው አሲድ ውስጥ ብር «አይነካም» ማለት ትክክል አይደለም፤ «በዝግታ ይነካል» ማለት ይገባል። ዝግታውም የሚመጣው ኦክሲጂን ኤሌክትሮን የሚቀበለው በግድ በመሆኑና በውኃ ውስጥ የሚሟሟው መጠን ትንሽ ስለ ሆነ ነው። በባሕር ጠረፍ ላይ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጂን ይሟሟል፤ እንደ ዱከም ባለ ደጋማ ስፍራ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ስምንቱ ሚሊግራም ሁሉ በሥራ ላይ ቢውል እንኳ ከአንድ ሊትር ውስጥ ሊያሟሟ የሚችለው ብር 108 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ብርጭቆ ማለት ከ100 ሚሊሊትር ደግሞ 11 ሚሊግራም ያህል። ይህ ለአንድ ቀን ኢምንት ነው። ነገር ግን አየር በላዩ ያለ ማቋረጥ ስለሚገባ፣ ጌጥን በአሲድ ውስጥ አሳድሮ መርሳት ያለ ዋጋ የሚቀር ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጨው ነው። ክሎራይድ ባለበት ስፍራ ብር የሚቆምበት ቮልት ከ0.80 ወደ 0.22 ይወርዳል፤ ማለት ኤሌክትሮኑን ለመስጠት ይቀልለዋል። የሚወጣው ብርም ከክሎራይዱ ጋር ተዋሕዶ በውኃ የማይሟሟ ነጭ ልባስ ሆኖ በላዩ ይቀመጣል። ይህ ልባስ ብሩን ከመበላት በመጠኑ ይከላከለዋል፤ ሆኖም ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል። የፎቶግራፍ ጥበብ የተመሠረተው በዚህ ዐይነቱ የብር ውሁድ ጠባይ ላይ ነው። ጌጥን በሎሚና በጨው አሽቶ በፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ወይን ጠጅ የመሰለ ጥቁረት ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም፤ የራሱን ፎቶግራፍ ማንሣቱ ነው።

ሦስተኛው ናይትሬት ነው። ናይትሪክ አሲድ ብርን እንደሚያሟሟ ሁሉም ያውቃል፤ ብዙዎች ግን ይህን ለሕጉ እንግዳ አድርገው ይይዙታል። እንግዳ አይደለም። በናይትሪክ አሲድ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ሃይድሮጂኑ ሳይሆን ናይትሬቱ ነው፤ እርሱም በ0.96 ቮልት ላይ ስላለ ከብር ይበልጣል። ለዚህ ምስክሩ ጋዙ ነው፤ ብር በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ ሃይድሮጂን አይወጣም፤ አየር ሲነካው የሚቀላና ለሳንባ መርዝ የሆነ የናይትሮጂን ጋዝ ይወጣል እንጂ። የጋለና ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድም ብርን የሚያሟሟው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰልፌቱ ራሱ ተቀባይ ሆኖ የድኝ ጋዝ ያስወጣል። የቀጠነውና የቀዘቀዘው የባትሪ አሲድ ግን ይህን አይችልም። ያው አንድ አሲድ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ቅጥነቱ፣ ሁለት የተለያየ ፍርድ ይሰጣል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ብርን «ክቡር» ያሰኘው በተፈጥሮው የታተመበት ማዕረግ ሳይሆን የሚውልበት ማኅበር እንደ ሆነ ይታያል። እንዲያውም አዮዳይድ ባለበት የብር ቮልት ከዜሮ በታች ወደ 0.15 ይወርዳል፤ በሃይድሮአዮዲክ አሲድ ውስጥ ብር እንደ ተራ ብረት ሃይድሮጂን ሊያስወጣ ይችላል። እንግዲህ ለተማሪ «አሲድ ብርን አይነካም» ብሎ ከማስጠናት ይልቅ «ተቀባዩ ማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስተማር ይሻላል። የመጀመሪያው ለፈተና ያገለግላል፤ ሁለተኛው ግን በአንጥረኛው ሱቅ በርም ያገለግላል።

መ. የገበያው ፈተና

አሁን ወደ ቀላው መስቀል እንመለስ። የገበያው ሰው «አሲዱ ነክቶ አቀላው» አለ። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከመስቀሉ ላይ የተወሰደ ብር የለም፤ በመስቀሉ ላይ የተጨመረ መዳብ ግን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠገራ ብር በእሳት ሲግል በላዩ ያለው መዳብ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። አሲዱ ይህን ጥቁር ውሁድ ያሟሟዋል፤ መዳቡም ወደ ውኃው ይገባል። ያ ሰማያዊ መልክ የመዳቡ ቀለም ነበር፤ ይኸውም ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለፉት ጌጦች ሁሉ የተዉት መዳብ ነው። የብረት ጉጠት ገብቶ ብሩን ሲነካ ግን አዲስ ባትሪ ተሠራ። ብረቱ ከዜሮ በታች 0.44 ላይ ስላለ ኤሌክትሮኑን ሰጠ፤ ኤሌክትሮኑም በንክኪው በኩል ወደ ብሩ ተሻገረ፤ በብሩ ላይ ሆኖ ያገኘው ተቀባይ በውኃው ውስጥ ያለው የመዳብ አዮን ስለ ነበረ መዳቡ እዚያው ብረት ሆኖ ለበጠ። የተበላው ጉጠቱ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ብሩ እንደ ድልድይ ኤሌክትሮን አሳለፈ እንጂ ምንም አልጎደለበትም።

አንጥረኛው መስቀሉን እንደ ገና አግሎ በአዲስ አሲድ ሲያገባው የተለበጠው ቀጭን መዳብ ወደ ጥቁር ውሁድነት ተለወጠ፤ አዲሱም አሲድ ያን ጠራርጎ ወሰደው። «ቀባው» የተባለው ሰው ያደረገው፣ በእውነቱ፣ የተቀባውን ማስለቀቅ ነበር። ሥራውን በቃል ማስረዳት አልቻለም፤ እጁ ግን ሕጉን ያውቀው ነበር። በመጻሕፍት የተማርነው እኛ በዚያ ቀን ከእጁ ያነስን ሆነን ተገኘን።

የገበያው ፈተና ሌላውን ወገንም ያታልላል። ነጭ ሆኖ የወጣ ሁሉ ንጹሕ ብር አይደለም። ቅይጡን እያጋሉ በአሲድ ማጠብ ከላዩ ያለውን መዳብ ብቻ ስለሚወስድ ከውጭ ንጹሕ ብር የመሰለ ስስ ገጽ ይተዋል፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ቀድሞው ቅይጥ ነው። ብዙ መዳብ የተጨመረበት ጌጥም በዚህ መንገድ ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ አሲዱ በዚያ ቀን ታማኙን አንጥረኛ ሲከስ፣ በሌላ ቀን አታላዩን በነጻ ሊለቅቀው ይችላል። እንደዚህ ያለ ዳኛ ከወንበሩ መነሣት ይገባዋል።

በአንዳንድ ስፍራ የሚደረገው የናይትሪክ አሲድ ጠብታ ከዚህ ይሻላል። ጠብታው መዳብ የበዛበትን ወይም በስሙ ብቻ ብር የሆነውን የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሲነካ አረንጓዴ ይሆናል። ከብር ላይ በተወሰደው ጠብታ ላይ የጨው ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ነጭ ደመና ይወጣል። ይህ ብር መኖሩን በርግጥ ያሳያል፤ ምን ያህል መሆኑን ግን አይናገርም። በብር የተለበጠ ዕቃ ላይም፣ በሞረድ ተፍቆ ውስጡ ካልታየ በቀር፣ ልባሱን ብቻ ይመሰክራል።

ሠ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «ሎሚ አያቶቻችን የተጠቀሙበት ነው፤ ምን ጉዳት ታየ?» የሚል ይኖራል። ሎሚ በቅይጥ ብር ላይ የሚሠራው ሥራ መዳቡን ማንሣት ነው። የብር ዋናው ጥቁረት ግን ከአየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ የሚመጣ የብርና የድኝ ውሁድ ነው፤ ይህ ውሁድ በሎሚ ከቶ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። ጥቁረቱ የለቀቀው በእጅ ፈተጋ ከሆነ ደግሞ ብር አብሮ ተፍቋል። በአንድ ጠገራ ብር ገጽ ሁሉ ላይ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ውፍረት ብናነሣ 0.03 ግራም ገደማ ይጎድላል። ለአንድ ጊዜ ምንም አይደለም፤ በየበዓሉ እየተፈተገ ለልጅ ልጅ በሚተላለፍ መስቀል ላይ ግን ቅርጹ እየደበዘዘ የሚሄደው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ «ስለ ጥቂት ሚሊግራም ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ብር በራሱ ታሪክ ውስጥ የያዘው ነው። ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ሊቃውንት አንድ አምፔርን ሲተረጉሙ፣ ከብር ናይትሬት ውኃ ውስጥ በየሰኮንዱ 1.118 ሚሊግራም ብር የሚያስቀምጥ ኀይል ነው ብለው ነበር፤ ይህ ትርጓሜ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ አገልግሏል። በእኛ አገር ብር የገንዘብ መለኪያ እንደ ነበረ ሁሉ፣ በላቦራቶሪ ደግሞ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነበር። ሂሳቡ ሲገለበጥም ያው ነው፤ ከአምፔር አንድ ሺህኛ የሚሆን ደካማ ኀይል ብርን ለማሟሟት ያለ ማቋረጥ ቢሠራ በቀን 97 ሚሊግራም ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር ሁሉ በ242 ቀን ያልቃል። ትንሽ ነገር የሚናቀው ጊዜ ሳይቆጠር ሲቀር ነው።

ሦስተኛ፣ «አንጥረኛ ሁሉ ታማኝ ነው ልትሉ ነውን?» ለሚለን፣ አይደለም እንላለን። የምንለው፣ ሌባውን ከታማኙ የሚለይ ፈተና ይኑር ነው።

ረ. በአሲድ ፈንታ

ይህም ፈተና አለ፤ ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይበቃዋል። የብር ጥግግት 10.5፣ የመዳብ 9 ገደማ ነው፤ የጠገራ ብር ቅይጥ 10.2 ይሆናል። ሁለት ጠገራ ብር በአንድነት 56.1 ግራም ይመዝናሉ፤ በክር አንጠልጥለው በውኃ ውስጥ ቢመዝኗቸው 5.5 ግራም ያህል ይቀልላሉ። ያን ያህል ክብደት ያለው፣ ብር የሌለበት የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ግን 6.4 ግራም ያህል ይቀልላል። በመካከላቸው ያለው የአንድ ግራም ልዩነት በማንኛውም የጌጥ ሚዛን ላይ ይነበባል። ውስጡ ባዶ ለሆነ ወይም ድንጋይ ለተሰካበት ጌጥ ይህ አይሠራም፤ እንደ መስቀሉ ላለ ድፍን ሥራ ግን ይበቃል።

ስለዚህ አንጥረኞች ብሩን ሲቀበሉና ሥራውን ሲያስረክቡ በባለቤቱ ፊት በአየርም በውኃም ቢመዝኑ፣ በማቅለጥና በመሞረድ የጎደለውንም አብረው ቢያሳዩ መልካም ነው። በአሲድ ዕቃ ውስጥ የብረት ጉጠት እንዳይገባ፣ በመዳብ ወይም በእንጨት መያዣ እንዲጠቀሙ፣ የሰማያዊነት መልክ የያዘውንም አሲድ እንዲለውጡ እንመክራለን። አሲድ በሚቀጥንበት ጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ መጨመር የለበትም፤ ያገለገለውም በየቦዩ መደፋት አይገባውም።

በቤት ለሚጠቁር ጌጥ ደግሞ ኤሌክትሮኬሚ ራሱ የተሻለ መንገድ ይሰጣል። በሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሶዳ በጥብጦ ጌጡን ከአሉሚኒየም ጋር እንዲነካካ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሮኑን በለጋስነት ስለሚሰጥ በጥቁሩ ውሁድ ውስጥ ያለው ብር ወደ ብርነቱ ይመለሳል፤ ድኙም ትቶት ይሄዳል። ሎሚና አሸዋ የሚወስዱትን ይህ መንገድ ይመልሳል። ሆን ተብሎ በጥቁር የተጌጠ ሥራ ግን ጌጡ እንዳይጠፋ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጽዳ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ በዱከም ያየነው ግን ስድቡ ቢቀርም ጥርጣሬው እንዳልቀረ ነው። ያም ጥርጣሬ በዚያ ቀን ከአፋችን በወጣ የትምህርት ቤት ቃል ተደገፈ። እናቲቱ መስቀሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ዝም ብለው ሄዱ፤ አንጥረኛውም ጉጠቱን እያገላበጠ ይመለከት ነበር። ጉጠቱ በአሲዱ ተበልቶ ሸካራ ሆኖ ነበር፤ የክርክሩ መልስ በእጁ ነበረ፤ ያን ማንበብ የሚገባን ግን እኛ ነበርን።

ስለዚህ ሳይንስን የሚማርና የሚያስተምር ሁሉ፣ አሲድ ብርን ይነካል ወይስ አይነካም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከመመለሱ በፊት ዕቃው ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ይጠይቅ።